ያበጠ የእግር ደም ስር ይቆረጥ ወይስ ይተው? የአንድ ጥያቄ ታሪክ

ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቻችን ቀኑን ቆመን የምንውል ነን። እንጀራ ጋግረን የምናስረክብ አለን፤ ጠላና አረቄ የምናዘጋጅ አለን፤ በዳንግላ ገበያ እህል ሰፍረን የምንሸጥ፣ በእንጅባራ ምግብ ቤቶች ከምድጃ ፊት የማንጠፋም አለን። በዚያ ላይ ወልደናል። ስለዚህ ባት ላይ እንደ ገመድ ተጠማዞ የወጣ ደም ስር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐኪሞች ቫሪኮስ ይሉታል። ማታ ማታ እግር ይከብዳል፣ ሌሊት ባት ይሸመቅቃል፣ ቁርጭምጭሚት ያብጣል። ዓመታት ሲቆጠሩ ደግሞ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ቆዳ ይጠቁርና አልድን የሚል ቁስል ሊወጣበት ይችላል።

ባለፈው ዓመት የአስቸኳይ ብድር ሣጥናችን ለዚሁ ኦፕሬሽን ሁለት ጊዜ ተጠየቀ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ሲመክር ከመካከላችን አንዷ «ቀላል ነገር ነው፣ በቀን ገብቶ በቀን መውጣት ነው» አለች። ሌላዋ ደግሞ «ደም ስር አይነካም፣ የነካ አይተርፍም» ብላ ተቃወመች። እኛ ሂሳብ የምንሠራ እንጂ የምናክም አይደለንም። ግን ሁለቱም አባባል ከየት እንደመጣ ለማወቅ ማንበብና ያገኘነውን ሐኪም ሁሉ መጠየቅ ጀመርን። ሁለቱም አባባሎች የቆዩ ሆነው አገኘናቸው። «አይነካም» የሚለው እንዲያውም ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ግድም በግብፅ የተጻፈ፣ ዛሬ የኤበርስ ፓፒረስ የሚባል የሕክምና ጥቅልል አለ። እግር ላይ እንደ እባብ የተጠማዘዘውን እብጠት ጠቅሶ ሐኪሙ ቢላ እንዳያሳርፍበት ያስጠነቅቃል። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። ማደንዘዣ አልነበረም፤ ደም የሚተካበት መንገድ አልነበረም፤ ቁስል ሲመረቅዝ የሚሰጥ መድኃኒትም አልነበረም። የዚያን ዘመን ሐኪም «አልነካም» ማለቱ ሰነፍ አያሰኘውም።

ሮማውያን ግን ነኩት። ጋይዩስ ማሪዩስ የተባለው የጦር መሪ ሁለቱም እግሮቹ በዚህ በሽታ ተበላሽተውበት ነበር። ታሪኩን የጻፈው ፕሉታርክ እንደሚለው፣ እንደ ሌላው ሰው ታስሮ ሳይሆን ሳይታሰር፣ ሳይንቀሳቀስና ሳይጮህ አንዱን እግሩን አስቆረጠ። ሐኪሙ ወደ ሁለተኛው ሲዞር ግን ማሪዩስ ከለከለው፤ የሚገኘው ጥቅም የሕመሙን ያህል አይደለም አለ። ታሪኩ የሚነገረው ለጀግንነቱ ነው። እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው። ትርፍና ኪሳራውን ያሰላው በሽተኛው ነው፤ ያውም አንደኛው እግር ከተቆረጠ በኋላ። ሐኪሙ ከመቁረጡ በፊት ማሪዩስን ምን ጠየቀው? ታሪኩ ስለዚህ ምንም አይልም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ነገሩ በዚሁ ቀጠለ። በሮም ዘመን ሴልሰስ፣ በ10ኛው መቶ ዓመት በኮርዶባ የነበረው ታላቁ የአረብ ቀዶ ሐኪም አል-ዛህራዊ፣ ደም ስሩን በጋለ ብረት ስለ መተኮስና በቢላ ከፍቶ ስለ ማውጣት ጽፈዋል። የእጅ ሥራው እየተሻሻለ ሄደ። ደም ስሩ ለምን እንዳበጠ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ለምን እንደሆነ ያልታወቀን ነገር መቁረጥ ደግሞ ምንጩ ያልታወቀ ጉድለትን ከመዝገብ እንደ መሰረዝ ነው፤ ቁጥሩ ይጠፋል፣ ጉድለቱ እዚያው ይቀመጣል። (ይቅርታ፣ የሙያ ነገር ሆኖብን ነው።)

ለውጡ የመጣው በ1603 ፋብሪሲየስ የተባለ የጣሊያን ሐኪም በደም ስር ውስጥ ያያቸውን «ትናንሽ በሮች» ገልጾ መጽሐፍ ሲያሳትም ነው። ተማሪው እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ በ1628 ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዞርና እነዚያ በሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚከፈቱ አስረዳ። ከእግር ወደ ልብ የሚመለስ ደም ሽቅብ ነው የሚጓዘው። ስንራመድ የባት ጡንቻ ጨምቆ ይገፋዋል፤ በሮቹ ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። አንዲቷ በር ከላላች ደሙ ወደ ታች ይንዶለዶላል፤ የታችኛው ደም ስር ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ የሚቀጥለውም በር ይላላል። ብዙ መቆም፣ እርግዝናና ከእናት የወረሱት ደካማ ደም ስር ይህንን ያባብሱታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ የምንናገረው ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነው። እግር ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከቆዳ ሥር የሚታየው ነው፤ የሚያብጠውም እሱ ነው። ሁለተኛው በጡንቻዎች መካከል ጠልቆ የሚሄደው፣ የማይታየው ነው። አብዛኛውን ደም የሚመልሰው ይኸኛው ጥልቅ መንገድ ነው። ስለዚህ ጥልቁ ደኅና ከሆነ የላዩ ቢወጣ እግር አይጎዳም። ጥልቁ ተዘግቶ ከሆነ ግን ያ ያበጠ አስቀያሚ ደም ስር ሸክሙን የተሸከመ ማለፊያ መንገድ ነው። እሱን መቁረጥ ድልድዩ በፈረሰበት ክረምት ተለዋጩን መንገድ መዝጋት ማለት ነው።

ይህን ጥያቄ ወደ ምርመራ የለወጡት ጀርመኖች ናቸው። በቦን ከተማ ይሠራ የነበረው ፍሪድሪኽ ትሬንደለንቡርግ በ1890 እና 1891 ግድም ትልቁን የላይ ደም ስር ጭን ላይ ማሰርን አስተዋወቀ። ከማሰሩ በፊት ግን ፈተና ነበረው። በሽተኛዋን ያስተኛል፤ እግሯን ሽቅብ አንሥቶ ደም ስሩ ባዶ እንዲሆን ያደርጋል፤ ጭኗን ያስራል፤ ከዚያ ያቆማታል። ማሰሪያው ሲፈታ ደሙ ከላይ ወደ ታች ድንገት ከሞላ የላላችው በር ብሽሽት አጠገብ ያለችው ናት። ተማሪው ጌዮርግ ፔርቴስ በ1895 ሌላውን ጥያቄ ጨመረ። ቆማ ደም ስሩ እንዳበጠ ጭኗን አስሮ እንድትራመድ ያደርጋታል። ስትራመድ እብጠቱ ከጎደለ ጥልቁ መንገድ ክፍት ነው። ከባሰበትና ባቷ መወጠርና ማመም ከጀመረ ጥልቁ ዝግ ነው፤ እጅ አይነካውም። አንድ ማሰሪያና አምስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ብቻ የሚፈልግ ፈተና ነው። ከኤበርስ ጥቅልል እስከ ፔርቴስ ከ3,400 ዓመት በላይ አለፈ። «ይህች ሴት ይህን ደም ስር ካጣች በምን ትተዳደራለች?» የሚለው ጥያቄ በሽተኛው አልጋ አጠገብ የደረሰው ያኔ ነው።

ጥያቄው ከተነሣ በኋላ እንኳ ሩጫው ወደ መሣሪያው ነበር። አሜሪካውያኑ ኬለር በ1905፣ ማዮ በ1906፣ ባብኮክ በ1907 ደም ስሩን ሙሉውን ስቦ የሚያወጣ ሽቦና ዘንግ ሠሩ። ያ ዘዴ ብዙ አሥርት ዓመታት አገለገለ፤ በብዙ ቦታ ዛሬም ይሠራበታል። በ1970ዎቹ የአልትራሳውንድ ምስልንና የደም ፍሰትን የሚያሳየውን ዶፕለርን ያጣመረ መሣሪያ ሲመጣ የፔርቴስ ማሰሪያ በዓይን በሚታይ ምስል ተተካ። ሐኪሙ የላላችውን በር ያያል፤ በጥልቁ መንገድ የረጋ ደም መኖር አለመኖሩንም ያያል። ባለፉት 25 ዓመታት ገደማ ደግሞ ደም ስሩን ሳያወጡ ከውስጥ በሌዘር ወይም በሙቀት የሚዘጉበት መንገድ በዓለም ተስፋፍቷል። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም፤ ለሌዘርም ቢሆን ጥልቁ መንገድ መጀመሪያ ይታያል።

ሌላው ጥያቄ ስለ እግር ሳይሆን ስለ ሰውየው ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾ በ1850ዎቹ እግር ውስጥ የረጋ ደም ተቆርጦ ወደ ሳንባ ሊሄድና ሊገድል እንደሚችል አሳየ። ከማንኛውም ኦፕሬሽን በኋላ የሚፈራው ይህ ነው። በ1941 ደግሞ ሦስት አሜሪካውያን የማደንዘዣ ሐኪሞች በሽተኞችን ከኦፕሬሽን በፊት እንደ ጤናቸው በደረጃ የሚመድብ ሠንጠረዥ አወጡ፤ ተሻሽሎ ዛሬም በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ዓይነት ኦፕሬሽን ለጤነኛ የ30 ዓመት ሴትና የልብ ድካም ላለባት የ60 ዓመት ሴት አንድ ዓይነት አይደለም። «ኦፕሬሽኑ አደጋ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሙሉው «ለእሷ አደጋ አለው ወይ?» የሚለው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና መቆጣጠሪያ ዝርዝርም ከዚሁ ወገን ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በሽተኛዋ ማን ናት? የትኛው እግር ነው? አለርጂ አላት? ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል? በስምንት ከተሞች፣ ከለንደንና ከሲያትል እስከ ታንዛኒያዋ ኢፋካራ፣ ተሞክሮ ውጤቱ በ2009 ሲታተም ከኦፕሬሽን በኋላ የሚሞቱት ከ100 ሰው 1.5 የነበረው ወደ 0.8 ወርዶ ተገኘ። ጮክ ብሎ በመጠየቅ! እኛ የወጪ ማዘዣ ላይ ሦስት ፊርማ ስንጠይቅ «አበዛችሁት» የምትሉን እህቶች ይህን ቁጥር ያዙልን። አገራችንም ከ2016 ጀምሮ ደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምናን የሚመለከት ብሔራዊ ዕቅድ አውጥታ ይህን ዝርዝር በሆስፒታሎች ለማስለመድ ሠርታለች።

እስካሁን የሰው አገር ታሪክ ተናገርን። የእኛ አካባቢ ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ የሚጀምረውም ከአንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ነው። እዚህ እግር ሲያብጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ደም ስሩ ይቆረጥ ወይ?» አይደለም፤ «በእርግጥ የደም ስር በሽታ ነው ወይ?» የሚለው ነው።

ምክንያቱ ዝሆኔ ነው። በቀይ አፈራችን ላይ በባዶ እግር የኖሩ አያቶቻችን ስንቶቹ በእግር እብጠት እንደተሠቃዩ የማያውቅ ቤት የለም። ሲያብጥ እርግማን ነው ይባል ነበር፤ እባብ የረገጠ ነው ይባል ነበር። ኡመን የተባለ ሐኪም በአገራችን ገበያዎች እየዞረ ያበጠ እግር ያላቸውን ሰዎች አስቆጥሮ በ1969 አሳተመ። ቀጥሎ በአዲስ አበባ በአለርት ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ኧርነስት ፕራይስ በሽታውን ትል እንደማያመጣው፣ ከእሳተ ገሞራ በተሠራው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት ከመኖር እንደሚመጣ በማሳየት ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጠው። ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን እግርና አቧራ ማለት ነው። ገበያ ላይ ቆሞ እግር መቁጠር ምን ዓይነት ምርምር ነው ትሉ ይሆናል። ከዳንግላ ገበያ በላይ የሰው እግር የሚታይበት ቦታ የት አለ?

የዝሆኔም የቀዶ ሕክምና ታሪክ አለው፤ ትምህርቱም መራራ ነው። ያበጠውን ሥጋ በብዛት ቆርጦ ማውጣት ተሞክሮ ነበር። ጫማ ማድረግ ያልቻለችና ወደዚያው አፈር የተመለሰች በሽተኛ ግን እብጠቱ ይመለስባታል፤ ጠባሳው ላይ ስለሚወጣ ከፊተኛው የባሰ ያማታል። ስለዚህ ሰፊው ቆረጣ ዛሬ አይመከርም። ተለይተው የወጡ እባጮችን ማንሣት ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ውጪ መድኃኒቱ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና ጫማ ነው። በዞናችን በጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ይህ እንክብካቤ ለሥጋ ደዌና ለሌሎች እግር የሚያሳብጡ በሽታዎች ከሚሰጠው እንክብካቤና ከአእምሮ ጤና ድጋፍ ጋር ተዋህዶ በመንግሥት ጤና ተቋማት እንዲሰጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሠርተውበታል። ዝሆኔ ከእግር ጣቶች ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል፤ ቆዳውም ይሻክራል። ቫሪኮስ ደግሞ የተጠማዘዘውን ደም ስር ያሳያል። ሁለቱ አንድ እግር ላይ ሊገናኙም ይችላሉ። የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት በሽታም እግር ያሳብጣል። ይህን የሚለየው ሐኪም ነው። እኛ የምንለው ሳይለይ ቢላ አይነሣ ነው።

አሁን ወደ ሣጥናችን እንመለስ። መጀመሪያ ብድር የጠየቁን እናት አምስት ወልደዋል፤ ግራ እግራቸው ከቀኙ ይወፍራል። ሌላ ከተማ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ገብተው እግራቸውን አሳይተው፣ ዋጋና ቀን ተነግሯቸው ነው የመጡት። የጠየቁን ብድር የሁለት ዓመት ቁጠባቸውን ይበልጣል። «ምን ምርመራ ተደረገልዎት፣ እትዬ?» አልናቸው። «አዩት፤ ከዚያ ወዲያ ምን ምርመራ አለ?» አሉን።

ገንዘቡን ከመስጠታችን በፊት በሪፈር ባሕር ዳር ሄደው በዶፕለር እንዲታዩ ተስማማን። የሄዱት ከልጃቸው ጋር ነው። እዚያ የመረመራቸው ሐኪም ከመሣሪያው በፊት ታሪካቸውን ጠየቀ። በአማርኛ ሲጠየቁ «ደኅና ነበርኩ» ብለው ያለፉትን፣ ልጃቸው በአዊኛ ስትጠይቃቸው ዘርዝረው ተናገሩ። አራተኛውን ልጅ በወለዱ በሳምንታቸው ግራ እግራቸው ድንገት አብጦ፣ ቀልቶና ግሎ ወር ሙሉ አስተኝቷቸዋል። ያኔ ምች ነው ተብሎ ታልፏል። መሣሪያው ያንኑ አሳየ። የግራ እግራቸው ጥልቅ መንገድ በድሮ የረጋ ደም ተደፍኗል። ያበጠው የላይ ደም ስር ደሙን የሚመልስላቸው እሱ ነው። «ይህን ማውጣት አይገባም» ተባሉ። ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማረፍና ክትትል ታዘዘላቸው። ፔርቴስ በ1895 በማሰሪያ የጠየቀው ጥያቄ ነው የተመለሰው።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። እናቶቻችን ሐኪም ፊት ሲቀርቡ አጭር ነው የሚመልሱት፤ ወይ ያፍራሉ፣ ወይ አማርኛው ይቸግራቸዋል። የመሣሪያው ምርመራ እንኳ የት እንደሚፈለግ የሚታወቀው ከወሬያቸው ነው። ስለዚህ አዊኛ የሚችል ቤተሰብ ይዞ መሄድ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው ብለን እናምናለን።

ሐኪም ሊሰማቸው የሚገቡትን ሌሎች ነገሮች ደግሞ እንዲህ አጠራቅመናል። እርጉዝ ከሆንሽ ተናገሪ። በእርግዝና የወጣ ደም ስር ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ ይቀንሳል፤ በእርግዝና ላይ ሳሉም ይህ ኦፕሬሽን አይሠራም። ገና ልትወልጂ ከሆነም ተናገሪ፤ ከኦፕሬሽን በኋላ መውለድ በሽታውን ሊመልሰው ይችላል። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ስሙን ወይም ማሸጊያውን ያዢ፤ አንዳንዱ ዓይነት ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ አስም፣ የልብ ሕመም፣ የደም ማነስ፣ በቤተሰብ ውስጥ በረጋ ደም የሞተ ሰው፣ ቀድሞ ማደንዘዣ ወስደሽ የደረሰብሽ ነገር፣ አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን አይደበቅም። እግር ላይ የሚመረቅዝ ቁስል ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከማል። የመርገጫ የልብ ትርታ መታየት አለበት፤ ወደ እግር ደም የሚያወርደው ቧንቧ የጠበበባት ሴት ካልሲውም ሊጎዳት ይችላልና። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ደግሞ ቶሎ መራመድ ነው የሚመከረው፤ እንደ አራስ መተኛት አይደለም። ባት ድንገት ካበጠና ካመመ፣ ደረት ከወጋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው።

ሁለተኛዋ ጠያቂ ወጣት ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት፣ ከእንግዲህ አልወልድም ብላለች። ለእሷም ያንኑ መንገድ ተከተልን። ጥልቁ መንገዷ ክፍት ነው፤ የላላችው በር ብሽሽቷ ላይ ታየች። ግን ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ራሷም አታውቀውም ነበር። ሐኪሞቹ ኦፕሬሽኑን አስተላልፈው መድኃኒት አስጀመሯት። «ገንዘቡ ተዘጋጅቶ ቀኑ መተላለፉ ምን ይባላል?» ብላ ተቆጥታን ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ግፊቷ ወርዶ አሁን ቀን ተቆርጦላታል።

ኮሚቴው ከእነዚህ ሁለት ጉዳዮች በኋላ በብድር ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨምሯል። ለታቀደ ኦፕሬሽን ብድር የምትጠይቅ አባል የምርመራ ውጤቷን ታያይዛለች። ለምርመራውና ለመጓጓዣው የሚሆነው ገንዘብ ደግሞ ከብድር ሳይሆን ከመረዳጃው ሒሳብ ይወጣል፤ አይመለስም። ወጪው በዚህ ዓመት በጀት በተለየ ርዕስ ተመዝግቧል። የወጣቷ እህታችን የብድር ገንዘብ ተፈርሞ ወጥቷል። እግሯ እስኪጠና ድረስ የመጋገር ተራዋን የሚይዙ አራት አባላት ተመዝግበዋል፤ አምስተኛ ሰው እንፈልጋለን። የምትችሉ ስማችሁን ለጸሐፊዋ ስጡ።